ሁለት ዲናር ያወጣው ሰው

ወገኖቼ፣ የሀዋሳ ሰዎች፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አቶቴ አካባቢ አንድ ባጃጅ ተገለበጠ። ዛሬ የምላችሁ ነገር ከዚያ ይጀምራል። ቃሌ ቢከብዳችሁ ታገሱኝ። መጀመሪያ የተገሰጽኩት እኔው ነኝ።

ሹፌሩ ገና ልጅ ነው። ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። አስፋልቱ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ከጆሮው በላይ ደም ይወርዳል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ሰው ወዲያው ከበበው። ሰላሳ እንሆናለን። ብዙዎቻችን ስልክ ይዘናል። ግማሹ ይቀርጻል፤ የሚደውል ግን የለም። ከኋላዬ አንዱ «የማን ልጅ ነው?» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ምን ለማወቅ እንደምትጠየቅም ታውቃላችሁ።

ወዲያው ሦስት ጎልማሶች ሰውን ሰንጥቀው ገቡ። ልባቸው ደግ ነው፤ አልወቅሳቸውም። አንዱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሩ ይዘው ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። «ተዉ! አንገቱን አታንቀሳቅሱት!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጠን ያለች ልጅ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ነች፤ ባጇ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ለካ ፋብሪካ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስዳለች። አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ይዛ ደገፈችው። ነጠላዋን አጠገቧ ለቆመች ሴት ሰጠችና «እዚህ ጋ ጫን አድርገሽ ያዢው» አለቻት። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ጋሼ፣ ይደውሉ እንጂ!»

ደወልኩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ስልኩ እጄ ላይ እያለ አንዲት ልጅ እስክትነግረኝ መጠበቄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አምቡላንሱ ሳይደርስ የእሷ ሰርቪስ በአጠገባችን አለፈ። ጓደኞቿ በመስኮት ብቅ ብለው ስሟን ጠሩ። አልተነሳችም። አንድ ቀን ከፋብሪካ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የዕለቱ ይቆረጣል። ሳይቀሩ ለሚገቡ የምትሰጠው ጉርሻም ትቀራለች። እሷ ግን ልጁን «አይዞህ፣ ስምህ ማነው? እናትህ የት ነው ያለችው?» እያለች ታዋራው ነበር። እንዳይተኛ ነው። አምቡላንሱ ሲወስደው እጇን በሃይላንድ ውሃ ታጠበች። ነጠላዋን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። በእግሯ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ አንድ ጥቅስ ሲመላለስብኝ ዋለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ፍቅራችሁ ይብዛ ብሎ ብቻ አልጸለየላቸውም። «ፍቅራችሁ በእውቀትና በማስተዋል ሁሉ ከፊት ይልቅ እያደገ እንዲበዛ» ነው ያለው። ስንቴ አንብቤዋለሁ! «አንገቱን አታንቀሳቅሱት» የሚለውን ድምፅ እስክሰማ ግን አልገባኝም። ሦስቱ ሰዎች ፍቅር ነበራቸው። ማስተዋል ስለጎደላቸው ልጁን ዕድሜ ልኩን አልጋ ላይ ሊያውሉት ነበር። እኛ ዳር የቆምነው ደግሞ ማን ጋ እንደሚደወል ሳናውቅ ቀርተን አይመስለኝም። የጎደለን ፍቅር ነው። እሷ ጋ ሁለቱም ተገኙ።

እስቲ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ እንደገና እንየው። ከልጅነታችን ስለለመድነው ሳናየው እናልፈዋለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች ያለች ከተማ ናት። በአንድ ቀን የእግር መንገድ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወረዳል። በረሃና ገደል ነው፤ ለወንበዴ የተመቸ። ካህኑና ሌዋዊው ገለል ብለው ያለፉት ፈርተው ሊሆን ይችላል። ወንበዴዎቹ ርቀው አልሄዱ ይሆናል። እኛም ማክሰኞ ዕለት ፈርተን ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ምስክር ሁኑ እንባላለን፣ ደሙ ይነካናል፣ ሥራ ይረፍድብናል። ፍርሃቱ እውነት ነው። የወደቀው ሰውም እውነት ነው።

ሳምራዊው የጠላት ወገን ነው። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር እንደማይተባበሩ ዮሐንስ በወንጌሉ ጽፎታል። «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ከሁሉም በላይ ምክንያት የነበረው እሱ ነው። አልጠየቀም። አየውና አዘነለት።

ቀጥሎ ያደረገውን ልብ በሉ። ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት። በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፤ እሱ በእግሩ ሄደ ማለት ነው። እንግዶች ማረፊያ አስገብቶ ሲያስታምመው አደረ። በማግስቱ ሁለት ዲናር አወጣ። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። በማቴዎስ 20 የወይኑ አትክልት ሠራተኞች የተዋዋሉት በእሱ ነው። እንግዲህ የሁለት ቀን ልፋቱን ቆጥሮ ሰጠ። ለባለቤቱም «ጠብቀው፥ ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» አለውና መንገዱን ቀጠለ።

መንገዱን ቀጠለ! ይህችን ነገር ብዙ ጊዜ አናነሳትም። ሥራውን ጥሎ እዚያው አልቀረም። ያለውን ሁሉ አራግፎ አልሰጠም። የሚችለውን ለካ። ቁስለኛውን ማስታመም ለሚችል ሰው አደራ ሰጠ። ተመልሼ እመጣለሁ አለ። «ደግነት ያስበላል» የምትሉ ወንድሞቼ፣ ይህን ሰው ማን በላው? ለራሱ ምንም ሳይፈልግ ወጣ፣ አስተውሎም ወጣ።

እኛ ግን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብለን አድገናል። ተረቱን ከአፋችን ብናወጣውም ከእጃችን አልወጣም። የቤት ኪራዩን ነገር ተመልከቱ። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ከየገጠሩ ስንት ልጆች እዚህ ከተማ ገቡ። አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሁለቱ ቀን ሲሠሩ ሁለቱ ሌሊት ገብተው በአንድ ፍራሽ የሚፈራረቁ አሉ። በ2014 አገራችን ከአጎዋ፣ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ኪራዩ ግን አልወረደም። እኔም ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል አከራያለሁ። ባለፈው መስከረም ሁሉም ጨመረ ብዬ ልጨምር ተነሳሁ። ባለቤቴ አንድ ቃል ብቻ ጠየቀችኝ። «ምን ጎድሎን ነው?» መልስ አጣሁ። ሳልጨምር ቀረሁ። ይህን የምነግራችሁ ልመሰገን አይደለም፤ ምስጋናው የእሷ ነው። አከራዮች ሁሉ ይህችን ጥያቄ ጭማሪውን ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። እሑድ ከገብርኤል ስትመለሱም ሆነ ከቸርች ስትወጡ፣ ግቢያችሁን የምታጥበው ተከራያችሁ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ለሚለው መልስ ናት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

በኢያሪኮ መንገድ ላይ ቆመን የምንፈርድ እኛ የራሳችን መንገድ አለን። በመሐል ከተማችን ያልፋል። ዲላን፣ ቡሌ ሆራን፣ ያቤሎን አልፎ ሞያሌ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። መጨረሻው ደቡብ አፍሪካ ነው ይባላል። ስንቱ ግን መጨረሻው ላይ ደረሰ? በ2012 መጋቢት ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል አውራጃ አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተዋል። በሕይወት የተገኙት 14 ናቸው። የእኛው ልጆች ናቸው።

እነዚያን ልጆች ኮንቴይነር ውስጥ የከተታቸው ደላላው ብቻ ነው እንዳንል። ገንዘቡን ማን አዋጣው? እናት እቁቧን አወጣች። አጎት በሬ ሸጠ። እህት ከዓረብ አገር ላከች። ጎረቤት አበደረ። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረገው! «ልጁ ሰው ይሁን» ብሎ ነው። ልቤን የሚሰብረው ይህ ነው። ከአፍ ነጥቆ መስጠት ነበረበት፤ እንባ ነበረበት፤ ጸሎትም ነበረበት። ቁጭ ብሎ መቁጠር ግን አልነበረበትም። ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ «አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን የማይቈጥር ማን ነው?» ያለው ለድንጋይና ለኖራ ብቻ መሰላችሁ?

«እግዚአብሔር ያውቃል» እያልን ማሰብ ያለብንን ሳናስብ የምንተው ብዙ ነን። እኔ እምነት አልለውም። ያዕቆብ ጥበብ የጎደለው ቢኖር እግዚአብሔርን ይለምን ይላል። የለመነ ሰው ደግሞ መልሱን ለመስማት ይቀመጣል። ደላላው እስከ ሐሙስ ወስኑ ሲል ተጣድፎ አይወስንም። የሄዱትን ቤተሰቦች በራቸውን አንኳኩቶ ይጠይቃል። ስልክ ከጠፋባቸው ስንት ወራቸው ነው? ስንት ጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ ተጠየቁ? በዚያው ገንዘብ እዚህ ምን ይሠራ ነበር? ይህን መጠየቅ ልጁን መጥላት አይደለም። አንገቱን አታንቀሳቅሱት እንደማለት ነው።

ልጆቹንም እናገራለሁ። ልጆቼ፣ ችግራችሁን አላቃልለውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ መዋል ምን እንደሚመስል በየቀኑ አያችኋለሁ። ግን የእናታችሁን እቁብ ስትቀበሉ፣ ያ ገንዘብ ስንት ዓመት እሳት ፊት የተቀመጠችበት እንደሆነ አስቡ። ፍቅር «የራሱንም አይፈልግም» የሚለው ለወላጅ ብቻ አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በአንድ ቤት ምክንያት ነው። በሰፈራችን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት አለች። ልጇ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደላላው ቀን ቆርጦለታል። ሐሙስ ገንዘብ ሊቀበል ይመጣል። እቁቧ ለእሷ የወጣው ሰኞ ነው። ትናንት ስታገኘኝ «ጋሼ፣ ጸልዩልኝ» አለችኝ። እጸልያለሁ አልኳት። ቤት ገብቼ ስቀመጥ ግን ስልኬን ይዤ የቆምኩበት ማክሰኞ ትዝ አለኝ።

እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ረቡዕ ማታ እሷ ቤት ቡና ልንጠጣ እንሄዳለን። አንዱ ጎረቤቴ የወንድሙ ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ የጠፋበት ነው። የደረሰበትን እራሱ ይነግራቸዋል። ልጁ እጁ ጎበዝ ነው፤ የግቢያችንን በር ማጠፊያ የጠገነው እሱ ነው። ብየዳ ቢማር ደስ እንደሚለው ነግሮኛል። ባዶ እጃችንን ሄደን «አትሂድ» ብቻ ልንለው አንፈልግም። ለመሣሪያ የሚሆን ሦስታችንም የአቅማችንን ይዘናል። የቀረን የሚያስጠጋው ሰው ነው። ከእናንተ መካከል ብረታ ብረት ቤት ያለው፣ ለስድስት ወር አጠገቡ አቁሞ ሥራ ሊያሳየው የሚችል ካለ፣ እስከ ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ይድረስልኝ።