አፍ ያለው ግድግዳ

ግድግዳ ጆሮ አለው እየተባልን ላደግን ሰዎች፣ አፍ ያለው ግድግዳ ግር ይላል። ግን አለ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቦስተን ኮሌጅ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ (ስሙ ኮሌጅ ቢልም ዩኒቨርሲቲ ነው)። እዚያ ኦኒል በተባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «መላሹ ግድግዳ» የሚሉት ሰሌዳ ቆሟል። ተማሪው ጥያቄውን በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ጽፎ ይለጥፋል። ስሙን አይጽፍም። ግድግዳው ይመልስለታል።

አዎ፣ ግድግዳው ነው የሚመልሰው። ከጀርባው የቤተ መጻሕፍት ሰው እንዳለ ማንም አይጠፋውም። ጨዋታው ግን መልሱ የሚሰጠው በግድግዳ አንደበት መሆኑ ነው። ስለ ፈተና ይጠይቁታል፣ ስለሚያንኮራፋ የዶርም ጓደኛ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ እምነት፣ ስለ ቤተሰብ ናፍቆት። ለማላገጥ ብቻ የሚጠይቅም ሞልቷል። ግድግዳው ይቀልዳል፣ ይመክራል፣ ከዚያ ጨዋታውን «ስለዚህ ጉዳይ ፎቅ ላይ አንድ መጽሐፍ አለን» ወደሚል ይወስደዋል። ጭንቀቱ ከበድ ያለ ሲሆን ደግሞ ቀልዱን ተወት አድርጎ ወደ ግቢው የምክር አገልግሎት ይመራል።

ይህን የሰማ ሰው «ደግ ነው፣ ልጆቹ ይዝናኑ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው ቀልዱ ነው ባይ ነኝ።

ለምን? የቤተ መጻሕፍት ትልቁ ችግር የመጽሐፍ እጥረት ብቻ ስላልሆነ። ፍርሃትም አለበት። በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ኮንስታንስ ሜሎን የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ለሁለት ዓመት ያህል 6,000 ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍቱን መጠቀም ሲጀምሩ የተሰማቸውን እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት መጀመሪያ የተሰማቸውን የገለጹት በፍርሃት ቋንቋ ነው። ሕንፃው ገዝፎባቸዋል። ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላው ተማሪ ሁሉ የሚያውቅ፣ እነሱ ብቻ የማያውቁ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ አይጠይቁም። መጠየቅ አለማወቅን ያጋልጣላ!

ልብ በሉ፣ ይህ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሰፈራቸው ያለ የአሜሪካ ልጆች ነገር ነው። የእኛን ፍሬሽ አስቡት። የመጣበት ትምህርት ቤት ላይብረሪ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የሚውለው ተቆልፎ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በር ላይ መታወቂያና ፍተሻ ይጠብቀዋል። ውስጥ ደግሞ ቀና ብሎ የማያየው ሠራተኛ ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጧል። «ሪዘርቭ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል? አይጠይቅም። የዶርም ጓደኛውን ይጠይቃል፤ እሱም አያውቅም። ከዚያ የራሱን ሀንድአውት ይዞ ገብቶ ይቸክላል። አንድም መጽሐፍ ሳይዋስ የሚመረቅ አለ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚያውቀው በወንበሩ ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እዚያው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሳሙኤል ግሪን የሚባል የዉስተር ከተማ የቤተ መጻሕፍት ሰው ነበር። በ1876፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በተመሠረተበት ዓመት፣ ባለሙያው መጽሐፍ ጠባቂ ብቻ መሆኑ ይብቃ፣ አንባቢውን በፈገግታ ተቀብሎ ያግዘው ብሎ ጻፈ። ሰው እንዲጠይቅ ከተፈለገ ተቀባዩ ፊቱ የተፈታ መሆን አለበት ነው ነገሩ። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ «የመረጃ አገልግሎት» የሚባለው ጠረጴዛ ከዚህ ሐሳብ የመጣ ነው። ጠረጴዛው ወደ እኛም መጥቷል። ፈገግታው መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ እኛ የመጣውን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ደስ የሚል አጋጣሚ ልጨምር። ኦኒል ቤተ መጻሕፍት የተሰየመው በቲፕ ኦኒል ነው። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ፣ በኋላም የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ። በ1952 ምርጫ ያሸነፉት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ወደ ሴኔት ለመሄድ የለቀቁትን መቀመጫ ነው። የስድስት ኪሎው ቤተ መጻሕፍታችን ደግሞ ኬኔዲ ነው የሚባለው። ሁለቱ ቤተ መጻሕፍት በአንድ የምክር ቤት ወንበር ላይ በተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስም ይጠራሉ ማለት ነው። ቦስተን ኮሌጅን ያቋቋሙት ኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ናቸው። የእኛንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ያስጀመሩት ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። ዝምድናውን ካጠበቅነው ግድግዳውን ለመዋስ ማፈር የለብንም።

በእርግጥ እኛም ጋ አስተያየት መቀበያ አለ። ሣጥን! በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች፣ የተቆለፈች፣ ቁልፏ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን። ወረቀቱ ይገባል፤ አይወጣም። ሰው ሣጥን ውስጥ መጻፍ የተወው አስተያየት ስለሌለው አይደለም። የቱንም ያህል ቁም ነገር ቢጽፍ መልስ አይቶ ስለማያውቅ ነው። ግድግዳው ከሣጥኗ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውም መልሱም በአደባባይ አብረው ተለጥፈው ይውላሉ። አንዱ የጠየቀውን ለመጠየቅ አፍረው የነበሩት ሌሎች ሁሉ ቆመው ያነቡታል። «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚለው እፎይታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሜሎን ያገኙትን ፍርሃት የሚያፈርሰውም ይኸው ነው።

ቀልድና መልስ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚለኝ ካለ፣ ጳውሎስ ኞኞን ላስታውሰው። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል አምድ ነበረው። አንባቢው የመጣለትን ይጠይቃል፤ ጳውሎስ ይመልሳል። አንዳንዴ እውቀት ነው፣ አንዳንዴ ጨዋታ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጠያቂውን ጠቅ አድርጎ የሚያስቅ አንድ መስመር። ይህ ሁሉ የሆነው በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ «የመንግሥት ተቋም ስለሆንን ቀልድ አይመጥነንም» የሚለው ምክንያት ለእኔ አይሠራም። መላሹም መደበኛ ትምህርቱ እምብዛም ያልሄደ ሰው ነበር። የማንበብ ሱሱና ለጠያቂው የነበረው ፍቅር ግን ዲግሪ ካለው ሰው አያንስም።

እስቲ በእኛ ግቢ ቢሆን እንዴት ይሆን እንደነበር ከራሴ ልፍጠር። ጠያቂ፦ «አንድ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ በደብተር ወንበር ይዞ ጠፍቷል። የሚፈተነው ደብተሩ ነው እንዴ?» ግድግዳ፦ «ደብተሩን አነጋግሬዋለሁ። ከባለቤቱ የተሻለ ተዘጋጅቻለሁ ብሎኛል። ከሰኞ ጀምሮ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ብቻውን የተቀመጠ ደብተር ወደ መግቢያው ጠረጴዛ ይሄዳል።» ሌላ ጠያቂ፦ «ለፈተና ብላ ተለየችኝ፤ ማጥናት አቃተኝ።» ግድግዳ፦ «አይዞህ ወንድሜ። ልብ ወለዶቹ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው፤ ከአንተ የባሰ የተጎዱ ብዙ ሰዎች ታገኛለህ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለህ ግን የተማሪዎች የምክር ቢሮ ጎራ በል፤ እነሱ እንደ እኔ ግድግዳ አይደሉም።»

የመጀመሪያውን መልስ እንደገና እዩት። ሳቁ ካለፈ በኋላ ውሳኔ አለበት። ቀልዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፌዝ ነበር። ተማሪ ውኃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ኢንተርኔቱ ተጎተተ እያለ ሲለጥፍ በየቀኑ ቀልድ ብቻ የሚመልስ ግድግዳ በወሩ ይጠላል። ይህ እንዳይሆን መላሹ ከኃላፊዎቹ ጋር ቀጥተኛ መስመር ያስፈልገዋል። ሊስተካከል የማይችለውንም «አይቻልም፣ ምክንያቱም…» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ይህን መንገድ የሄደው ቦስተን ኮሌጅ ብቻ አይደለም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1986፣ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት፣ በግቢው ኮምፒውተር ላይ «ውድ አጎቴ ዕዝራ» የሚል የጥያቄና መልስ አምድ ከፍቶ ነበር። ዕዝራ ኮርኔል የዩኒቨርሲቲው መሥራች ናቸው፤ ያኔ ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። የሞተ ሰው ምክር ሲሰጥ ማን ያፍራል? አላባማ ያለው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተማሪዎች የሚሠሩበት የመረጃ ጠረጴዛ አለው። ማንም ሰው ደውሎ የፈለገውን ይጠይቃል። አንዱ ግድግዳ፣ አንዱ ሙት አጎት፣ አንዱ ስልክ። ሦስቱም ጋ ጠያቂው ከሚፈርድበት ፊት ጋር አይፋጠጥም።

ተቃውሞ ይኖራል፤ አንዱ ከባድ ነው። ስም በሌለበት ስድብ ይለጠፋል። የግቢዎቻችንን የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ያነበበ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። ብሔር ጠቅሶ መሳደብ፣ ሴት ተማሪን በስም ጠርቶ ማዋረድ። ይህን ሥጋት አላቃልለውም። ግን መጸዳጃ ቤቱ ጋ አንባቢ እንጂ መላሽ የለም፤ የሚያነሳም የለም። ሰሌዳው በሰው ዓይን ሥር ነው፣ ስድብ ያለበት ወረቀት ወዲያው ይነሳል። ደንቡም አጭር ነው፦ የሰው ስም የለም፣ ብሔር የለም፣ የቀረው ሁሉ ይጠየቃል።

ሌላው ተቃውሞ «ማን ጊዜ አለው?» ነው። ወጪው አንድ ሰሌዳና ጥቂት ወረቀት ነው። የሚከብደው ሰው ማግኘቱ ነው። ጠያቂ ላይ ሳይስቅ የሚያስቅ፣ በራሱ ላይ መቀለድ የሚችል፣ መጽሐፉ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለም የሚያውቅ ሰው በማስታወቂያ ተቀጥሮ አይገኝም። ደግነቱ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው አስቀድሞ አለ። ተማሪው አራት መስኮት አልፎ የሚሰለፈው እሷ ጋ ነው። ሥራውን ለእሷ ስጧት፣ በቀን አንድ ሰዓትም ከሌላ ሥራዋ ላይ ቀንሱላት። የምትለጥፈውን ሁሉ እንዲያጸድቅ ኮሚቴ ብቻ አታቋቁሙባት።