ብሮውዘሬ ሳልጠይቀው ይጠብቀኝ

ስለ ብሮውዘር ወሬ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ፍጥነት ነው። የትኛው ቶሎ ይከፍታል? የትኛው ሚሞሪ ይበላል? ይሄም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ግን ብሮውዘር ባንክ የምንገባበት፣ ለሰው ያልነገርነውን ሕመም የምንጠይቅበት፣ ከአለቃችን ደብቀን ሌላ ሥራ የምንፈልግበት ነው። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የማየው ሌላ ነገር ነው። ገና እንደጫንኩት፣ አንድም ሴቲንግ ሳልነካ፣ የሚሠራው ለማን ነው?

ይሄን የምለው አብዛኛው ሰው ሴቲንግ ውስጥ ስለማይገባ ነው። መግባትም የለበትም። «ካልፈለጋችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ» የሚባለው መልስ ሁሌም ያናድደኛል። ማጥፊያው አራት ገጽ ወደ ውስጥ ተደብቆ፣ ስሙም ምን እንደሆነ በማይገባ ቃል ተጽፎ፣ ምርጫ ነው ማለት አይቻልም።

የኩኪን ነገር እንይ። ኩኪ ማለት ድረ ገጽ ብሮውዘራችን ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ማስታወሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ (የዚያን ዘመን ብሮውዘር ሠሪ) መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ኩኪን የፈጠረው ድረ ገጾች ተመላልሶ የሚመጣን ሰው እንዲያስታውሱ ነበር። ያለሱ የግዢ ቅርጫት እንኳን አይሠራም። ጣጣው የመጣው አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በብዙ ሺህ ገጾች ላይ ሲለጠፍ ነው። ጠዋት የጤና ጽሑፍ ባነበባችሁበት ገጽ ላይ አለ፣ ማታ ዜና ባያችሁበትም አለ፤ የሚያነበው ደግሞ ያንኑ የራሱን ኩኪ ነው። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው ይሄ ነው።

የሞዚላ ብሮውዘር ፋየርፎክስ በ2019 የታወቁ ትራከሮችን፣ ማለትም ከገጽ ገጽ የሚከታተሉንን፣ ኩኪ ለሁሉም ተጠቃሚ ማገድ ጀመረ። የአፕል ብሮውዘር ሳፋሪ በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን ጨርሶ ዘጋ። ጉግልም በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከራሱ ብሮውዘር ከክሮም ላይ አስቀራለሁ ብሎ ነበር። አራዘመው፣ ደግሞ አራዘመው፣ በ2024 ጭራሽ ተወው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ደግሞ ክሮምን ነው።

«ካገድነው ገጾች ይበላሻሉ» የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይበላሻሉ። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ፋየርፎክስ ላይ አድራሻው አጠገብ ትንሽ ጋሻ አለች። እሷን ነክቶ ጥበቃውን ለዚያ ገጽ ብቻ ማንሳት ይቻላል፣ ሌላው እንደታገደ ይቀጥላል።

የኢንኮግኒቶ፣ ማለትም የክሮም የግል መስኮት፣ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሰው ተማምኖበት ስለሚገባ። ያ ጥቁር መስኮት ሲዘጋ የጎበኛችኋቸውን ገጾች ዝርዝርና ኩኪዎቹን ከመሣሪያችሁ ላይ ያጠፋል። አለቀ። የገባችሁበት ድረ ገጽ ያያችኋል፣ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ወዴት እንደሄዳችሁ ማወቅ ይችላል፣ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ከሆነም እንደዚያው። ጉግል በዚሁ ጉዳይ በ2020 ተከሶ፣ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ የተጠቃሚ መረጃዎችን ለማጥፋትና መስኮቱ ላይ ያለውን ማብራሪያ ለማስተካከል ተስማማ። ያ ማብራሪያ ከመጀመሪያው በግልጽ ቢጻፍ ምን ነበረበት?

ኩኪ ጠፍቶም ቢሆን አሻራ አለ። የስክሪናችሁ ስፋት፣ የጫናችኋቸው ፎንቶች፣ የሰዓት ክልላችሁ፣ የብሮውዘሩ ቨርዥን አንድ ላይ ሲደመሩ ማንነታችሁን ያሳብቃሉ። የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ከ470 ሺህ ገደማ ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው ሌላ ማንም የማይጋራው አሻራ ነበራቸው። ጎበዝ ነኝ ብሎ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የሚደረድር ሰው እዚህ ላይ ራሱን ይጎዳል፤ በለወጠ ቁጥር ከሌላው የተለየ ይሆናል። ማንነትን ለመደበቅ የተሠራው ቶር ብሮውዘር የሄደበት መንገድ ተቃራኒው ነው። ተጠቃሚው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲመስል ያደርጋል። መስኮቱን ስትለጥጡት በገጹ ዙሪያ ባዶ ጠርዝ የሚተወው ትክክለኛ ስፋቱ እንዳይታወቅ ነው። እንዲህ ያለው ጥበቃ የሚሠራው ለሁሉም እኩል ሲበራ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው የሚታገልበት ነገር አይደለም።

አስተማማኝነትም ከዚህ አይለይም። በግንቦት 2019 ፋየርፎክስ ውስጥ የኤክስቴንሽኖችን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ አንድ ሰርተፊኬት ጊዜው አለፈና የሰዉ ኤክስቴንሽን በአንዴ ጠፋ። ማስታወቂያና ትራከር የሚያግዱትም አብረው ሄዱ። ጥበቃ አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው ተጋለጠ። በየካቲት 2025 ደግሞ ሞዚላ ባወጣው የአጠቃቀም ውል ተጠቃሚው ተቆጣ፤ የሚጽፈውን ሁሉ ለድርጅቱ አሳልፎ የሚሰጥ ይመስል ነበር። በቀናት ውስጥ አስተካከሉት፣ ይሄ ያስመሰግናቸዋል። ግን ውሉን ለተራ ሰው በሚገባ ቋንቋ መጻፍ የነበረባቸው ከማውጣታቸው በፊት ነው። እኔ ከአፕዴት የምፈልገው ቀዳዳ እንዲደፍን ነው። ያጠፋሁትን መልሶ ካበራብኝ፣ ወይም አዲስ መረጃ ሰብሳቢ ሳይጠይቀኝ ካስገባ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አፕዴት ማድረግ ያስፈራኛል። ያ ደግሞ ደኅንነቴን ይጎዳል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን ማለፍ አይቻልም። ጉግል የሳፋሪ ዋና መፈለጊያ ሆኖ ለመቆየት በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደከፈለ በፍርድ ቤት ወጥቷል። የሞዚላም ገቢ አብዛኛው የሚመጣው ከጉግል ጋር ካለው የመፈለጊያ ውል ነው። የሚጠብቁን ብሮውዘሮች የሚኖሩት ስለኛ ብዙ ማወቅ በሚፈልግ ድርጅት ገንዘብ ነው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በወር ትንሽ ክፈል ቢሉኝ እከፍላለሁ፣ እንደኔ የሚከፍልም ብዙ ሰው ያለ ይመስለኛል። ነገር ግን የሚከፍለው ሰው የሚያገኘው ተጨማሪ ማከማቻ ወይም ሌላ አገልግሎት ይሁን። ትራከር ማገጃው መክፈል ለማይችለውም ከመጀመሪያው ቀን በርቶ ይምጣለት።