ሐይቁ የሚታይበት ወንበር

ባህር ዳር ላይ ሰው መከበሩ የሚታወቀው በሚሰጠው ወንበር ነው። እኔ ለዓመታት እጅግ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ከጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ ገና ከባጃጅ ሳልወርድ "ና ና፣ አንተ እዚህ ሁን! ሐይቁን እያየህ ተጫወት" ይሉኛል። እነሱ ጀርባቸውን ለጣና ሰጥተው በውሃው በኩል ይደረደራሉ፤ እኔ ከከተማው በኩል ፊቴን ወደ ሐይቁ አድርጌ እሰየማለሁ። የደንገል ታንኳ ሲያልፍ፣ የዘጌ ጀልባ ሲመለስ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ ለአንድ ሰው መልቀቅ ቀላል ደግነት አይደለም።

ልብ ያላልኩት ነፋሱን ነበር።

ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ተነስቶ ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማ ነው። ይህን እኔም ተምሬዋለሁ፣ ጓደኞቼም ተምረውታል፤ ልዩነታችን እነሱ በተግባር ማዋላቸው ነው። የእነሱ ትንፋሽ ወደ እኔ ይመጣል። የእኔ ትንፋሽ ደግሞ በዘንባባው ጎዳና አድርጎ ወደ ገበያ ይሄዳል።

ምልክት ጠፍቶ አልነበረም። መሥሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ በመካከላችን አንድ ጠረጴዛ ብቻ እያለ፣ ጥያቄ ስጠይቀው "በቴሌግራም ላክልኝ" ይለኛል። ዘመናዊ አሠራር ገባ ብዬ ደስ አለኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ሂሳብ ስጠይቅ ሹፌሩ በጥር ጠዋት የጎኑን ሸራ ይገልጣል፤ "ሞቀኝ" ይላል ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ጭምብል ገዛሁ፤ ባደረግኩት በአምስተኛው ደቂቃ አውልቄ አሸተትኩት፤ የተበላሸ ነው። ሌላ ገዛሁ፤ እሱም የተበላሸ ነው። በሦስተኛው ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ "በሰው ሕይወት ትነግዳላችሁ?" ብዬ ጮኽኩ። ሻጯ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ቁጣዬ ያስፈራት መስሎኝ ኮራሁ።

ከሁሉም ግልጹ ማስቲካው ነበር። በእኛ አገር ማስቲካ ጣፋጭ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። አንድ ፍሬ ከሰጡህ የቃል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለት ከሆነ የጽሑፍ፤ ፓኬቱን እንዳለ ኪስህ ውስጥ ከከተቱልህ ጉዳይህ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቧል ማለት ነው። እኔ በቀን አራት አምስት ይደርሰኝና "የባህር ዳር ሰው እንዴት ቸር ነው!" እያልኩ ለልጄ አስቀምጥላት ነበር።

ጉዳዩን የገለጠችውም ይህችው ልጄ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ማታ አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብዬ "ተረት ተረት" አልኳት። "የላም በረት" አለችና አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ በጣም በትሕትና "አባዬ፣ ተረቱን ወደዚያ ዞረህ ንገረኝ" አለችኝ።

ወደ ሳሎን ወጥቼ ባለቤቴን ጠየቅኳት። ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት ሻይህ ውስጥ ቅርንፉድ የምጨምረው ለጣዕም መስሎህ ነው?" አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሐበሻ ለሰው የማይናገረው ነገር አለ? ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ምነው ከሳህ?" ይልሃል። በሳምንቱ "ምነው እንዲህ ወፈርክ?" ይልሃል። ደመወዝህን፣ ያላገባህበትን ምክንያት፣ ሁለተኛ ልጅ ያልወለድክበትን ምክንያት፣ ራስ በራህ የጀመረው መቼ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ በአደባባይ፣ በለቅሶ ቤት ጭምር ይጠይቅሃል። አፍህ ጋ ሲደርስ ግን ይሉኝታ ይይዘዋል። ሲያጎርሰኝ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በግምት አፌን የሚፈልግ ሰው ነበረኝ፤ እኔ ዓይን አፋር መስሎኝ "ጨዋ ያሳደገው" እለው ነበር። አበው "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ያሉት ስለ ቃል ነው ይባላል። አሁን እጠራጠራለሁ።

በማግስቱ ማንም ኢትዮጵያዊ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ጨጓራዬን ከሰስኩ። ጨጓራ በአገራችን ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም። ራሳችንን ቢያመን ጨጓራ ነው፣ ብንቆጣ ጨጓራ ነው፣ ሥራ ብናረፍድ ጨጓራ ነው። ጎረቤቶቼም ፈተናውን አስቀድመው ያዩት ይመስል መልሱ በእጃቸው ነበር፤ አንዷ ተልባ አመጡ፣ ሌላው እርጎ አዘዙ፣ ሦስተኛዋ ጤና አዳም ከግቢያቸው ቆርጠው ላኩ። ሁለት ሳምንት ተልባ ጠጣሁ። ሆዴ እንደ አስፋልት ለሰለሰ። ልጄ ግን አሁንም "ወደዚያ ዞረህ" ትላለች።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ተልባው ሲያልቅ ነው። ወጣት ሴት ናት። ገና "ጨጓራዬ..." ስል "ምላስዎን ያውጡ" አለችኝ። አወጣሁ። "ትንሽ ይጨምሩ።" ጨመርኩ። እኔ በምላሴ የምታማ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ረዝሞ ግን አያውቅም። ከዚያ መስታወት ሰጥታ አሳየችኝ። ከጉሮሮ በኩል ያለው የምላሴ ጀርባ እርጥብ ጀሶ የተለሰነ ይመስላል።

"ከ10 ሰው የስምንቱ ወይም የዘጠኙ ሽታ የሚነሳው ከአፍ ነው እንጂ ከጨጓራ አይደለም" አለችኝ። እዚያ ጀሶው ላይ ባክቴሪያዎች ሰፍረዋል፤ የምግብ ትርፍራፊውንና የሞተውን ሕዋስ ሲያፈራርሱ ድኝ ያለበት ጋዝ ይለቃሉ፤ አንዱ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ነው። ድኝ! ሰዶምና ገሞራ ላይ የዘነበው! የባጃጁ ሹፌር ወደ ኋላ የማይዞረው ለካ የሎጥን ሚስት አስታውሶ ኖሯል።

"ታዲያ ለእኔ ለምን አይሸተኝም?" አልኳት። አፍንጫ አብሮት የኖረውን ሽታ ይለምደዋል፣ ዓሣ ሻጭ ዓሣው እንደማይሸተው ነው አለችኝ። የእጄን አንጓ እንድልስ፣ ጥቂት እንድጠብቅ፣ ሲደርቅ እንዳሸት ነገረችኝ። አሸተትኩ። ያን ጊዜ ፋርማሲ ውስጥ የጮኽኩባትን ልጅ ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ።

ምራቅ የአፍ አጣቢ ነው፤ ማታ ስንተኛ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጠዋት የሁሉም ሰው አፍ ይሸታል። በጾም ሰዓት አፍ ሲደርቅም እንዲሁ ነው። ይሄኔ ገባኝ፤ በሁዳዴ 55 ቀን ባልደረቦቼ እንደ ወትሮው የማይሸሹኝ ለካ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሁላችንም እኩል ስለሆንን ነው። የሰፈነው እኩልነት ጾሙ ሲፈታ አብሮ ይፈታል።

"ዳጣስ?" አልኳት፤ ዓሣ ጥብስ ያለ ዳጣ አይወርድልኝም። ነጭ ሽንኩርት ሌላ ጉዳይ ነው አለች። ሽታው ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል ነው የሚወጣው፤ ጥርስን ቢፋቁት አይጠፋም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስደው። ማለትም ዓሣ የበላ ሰው ማታ ስብሰባ ባይመራ ይመረጣል።

"ብሩሽዎ ስንት ጊዜው ነው?" ስትለኝ ዋሸሁ። "ሦስት ወር።" "ታዲያ መቀየሪያው ደርሷል" አለችኝ። እውነተኛው ብሩሼ ልጄ ሳትወለድ የተገዛ ነው፤ ጸጉሩ በአራቱም ማዕዘን ተበትኖ የአርበኛ ጎፈሬ መስሏል። የጥርስ ብሩሽን በብዛት ማምረት የጀመረው ዊልያም አዲስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ በ1780 እ.ኤ.አ.። እኔ ቤት ካለው ብሩሽ አዲስ የሚባለው እሱ ብቻ ነው።

መፋቂያውንም አላወገዘችም። የወይራ መፋቂያ በደንብ ከተፋቁበት ይሠራል፤ ችግሩ እኛ ነን። እኛ መፋቂያ አፋችን ላይ ተክለን ከተማ የምንዞርበት ጌጥ ነው፤ ከፋቅንም የፊት ስድስቱን ጥርስ ነው። እንግዳ የሚያየው ሳሎን ይጠረጋል፤ ጓዳው ውስጥ የትናንት ጥብስ ተቀምጧል። ለጓዳው የጥርስ ክር ታዘዘልኝ። ሰፈሬ ካለው ሱቅ "የጥርስ ክር አለ?" ብል ባለሱቁ አስቦ አስቦ "የልብስ ነው ያለኝ፤ ነጭ ነው ጥቁር?" አለኝ። ፋርማሲ ተገኘ።

ከትእዛዙ ሁሉ የከበደኝ ሁለቱ ደቂቃ ነው። ጠዋትና ማታ፣ በተለይ ማታ፣ ሁለት ደቂቃ መቦረሽ። እኔ ሁለት ደቂቃ የማውቀው "ሁለት ደቂቃ፣ ደርሻለሁ" ብዬ ከአልጋዬ ሆኜ በስልክ የምናገረውን ነው፤ እሱ አርባ ደቂቃ ይሆናል። እውነተኛው ሁለት ደቂቃ ሰዓት ተይዞለት መስታወት ፊት ሲቆሙ ምን ያህል እንደሚረዝም የሞከረው ያውቀዋል። ምላስን ከኋላ ወደ ፊት መጥረጉም የመጀመሪያ ሳምንት ያቅለሸልሻል። ሐኪሟ ድዴ ሥር የደነደነውን ቆሻሻ ጠርጋ ካወጣችው በኋላ ግን ነገሩ ቀለለ። ልጄ አንድ ማታ ተረቱን እስከ መጨረሻው ሳታዞረኝ ሰማችኝ፤ ተረቱም አላለቀላትም፣ ሌላ ጨምር አለችኝ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር ስደርስ ጓደኞቼ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከእነሱ ጋር፣ ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ። ሐይቁ የሚታይበት ወንበር ባዶ ነው። ብዙም ሳይቆይ በቅርቡ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ባልደረባችን ደረሰ። "ና ና፣ አንተ እዚህ ሁን!" አሉት በአንድ ድምፅ። ከነሱ ጋር አብሮ የጮኸ የአራተኛ ሰው ድምፅ ሰማሁ፤ የኔ ነው።

ተቀመጠ። ጣናን አየና ፊቱ በራ። "እንዴት ያላችሁ ሰዎች ናችሁ! ይሄን ሁሉ ለእኔ ለቃችሁ?" አለ። ወደ እኔ ጠጋ ሲል ነፋሱ ለቅጽበት ቆመና ገባኝ። መናገር አለብኝ አልኩ፤ ከእኔ በላይ ማን ሊነግረው ይችላል? ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጓደኞቼ ተያዩ። እጄ ቀድሞኝ ኪሴ ገባ።

"ማስቲካ ትፈልጋለህ?" አልኩት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝና በጥንቃቄ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። "ለልጄ ይሆናል" አለ።