«ስፒኪንግ» በሚባለው የእንግሊዝኛ ንግግር ክፍለ ጊዜ የሚናገረው ማነው?

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 50 ተማሪ፣ 50 ደቂቃ። መምህሩ ትንፍሽ ሳይል ተማሪዎቹ ተራ በተራ ቢናገሩ እንኳ ለአንዱ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ነው። ግማሹ ሰዓት ደግሞ በሰዋስው ማብራሪያ ያልቃል! ከዚያ «ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንኳ በእንግሊዝኛ አፋቸውን አልፈቱም» ይባላል። በምን ይፍቱ?

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ እርማቱ ነው። ተማሪዋ እንደምንም ደፍራ «የስተርደይ አይ ጎ ቱ...» ከማለቷ ከፊት የመምህሩ «ወንት!» ይመጣል። «ወንት» ትላለች፤ ከዚያ ዝም። ልትል ያሰበችው ጠፋባት። ሰው ሲናገር ሐሳቡን ያሰናዳል፣ ቃልና ሰዋስው ይፈልግለታል፣ ከዚያ በድምፅ ያወጣዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሦስቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በአዲስ ቋንቋ ግን ቃል ፍለጋው ላይ ሲዳክር ሌላው ሁሉ ይቆማል። ለዚህ ነው ጀማሪ ሐረጉን ሳይጨርስ መሀል ላይ የሚገታው። እርማት ጣልቃ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ይበጠስበታል። ስህተቱን ወረቀት ላይ ያዙትና ስትጨርስ ንገሯት፤ ምን ይጎድላል?

ዘዴው እኮ ጠፍቶ አይደለም! የቋንቋ መምህሩ ኪት ሞሪስ 4/3/2 የሚባለውን የንግግር ልምምድ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጓቸው። አንዱ በደንብ በሚያውቀው ጉዳይ 4 ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ ሌላ አድማጭ ሄዶ ያንኑ በ3፣ ለሦስተኛው ሰው በ2 ደቂቃ ይደግመዋል። ቀጥሎ አድማጮቹ ተናጋሪ ይሆናሉ። ሁሉም ተማሪ 9፣ 9 ደቂቃ ተናገረ፤ የፈጀው 18 ደቂቃ! 4 ደቂቃ ለሚከብዳቸው በ3/2/1 ጀምሩ።

«ሞክረነው አልሠራም» የሚሉ አሉ። አድማጩን ሳትቀይሩ ነዋ! የሰማውን ደግሞ የሚሰማ ሰው ይሰለቻል፤ ተናጋሪውም «ያልኩት ነው» ብሎ ይዘለዋል። ወይም ርዕሱ ዓለም አቀፍ ኢኮኖሚ ነበር፤ ሐሳቡም ቃሉም አዲስ ከሆነ ፍጥነት ከየት ይመጣል? ወይም ማስታወሻ እያነበቡ ነበር፤ ያ ንባብ ነው።

ፈተናውስ? ሌሊቱን የተሸመደደ ፕሬዘንቴሽን። 20 ከ20 ያገኘው ልጅ «ይህን ለምን መረጥክ?» ሲባል ይደርቃል። ማርኩን ከሽምደዳው ላይ አንሡና ተማሪው ላልተዘጋጀበት ጥያቄ በሚሰጠው የ2 ደቂቃ መልስ ላይ አድርጉት።