ነጠላ ጫማዎቹ የማን ናቸው?

የአዳማ ሰዎች፣ ትቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ይህን ነገር ከአስራ ስምንት ዓመት በላይ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁና ዛሬ ይውጣልኝ።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ እንደ ብዙ መምህራን እኔም ቆጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ሠለጠንን፤ የቆጠራ ቦታዬ፣ ማለት እኔ የማዳርሳቸው ቤቶች፣ ካርታ፣ መጠይቅ፣ እርሳስና ላጲስ ተሰጠኝ፤ ከዚያ ሥራዬ በር ማንኳኳት ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደምበላ አካባቢ አንድ ሰፊ ግቢ ገባሁ። ፊት ለፊት ዋናው ቤት አለ፤ ከጀርባው እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ስድስት ሰርቪስ ቤቶች። የቤቱ እመቤት ወንበር አወጡልኝ፤ ቡናም ታዘዘ።

«እትዬ፣ በግቢው ስንት ቤተሰብ አለ?»

«እኛው ብቻ ነን መምህር። አምስት ነፍስ።»

«እነዚያ ክፍሎችስ?»

«ዕቃ ማስቀመጫ ናቸው።»

ዞር ብዬ አየሁ። በየክፍሉ ደፍ ላይ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። የልጅ አለ፣ የሴት አለ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ የተጠገነ የወንድ አለ። አንዱ እርጥብ ነው፤ ባለቤቱ ገና አሁን ከቧንቧው ተመልሷል። ቆጠርኳቸው፤ አስራ አንድ ጥንድ። ቡናውን ያፈላችው ልጅም ከአምስቱ ነፍስ ውስጥ የለችም። ስለ እሷ ስጠይቅ እመቤቲቱ ሳቁ። «እሷማ ሠራተኛ ናት!»

እትዬን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። ተከራይ አለ ከተባለ የኪራይ ግብር ይከተላል ብለው ነው። በራቸው ላይ በጠመኔ የጻፍኩትን ቁጥርም በማግስቱ ጠፍቶ አገኘሁት፤ በኛ አገር ቤት ላይ ምልክት ከተደረገ ሊፈርስ ነው ማለት ነዋ። ፍርሃቱ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ለቆጣሪ የሚሰጠው መልስ በሕግ ምስጢር እንደሆነ፣ ግብር ሰብሳቢ ጠረጴዛ ላይ እንደማይደርስ በተነገረን ቁጥር አንገታችንን ነቅንቀን እንደገና መዋሸታችን ነው።

በቆጠራ ቤተሰብ የሚባለው በሥጋ ዝምድና አይለካም። በአንድ ጣሪያ የሚያድርና ከአንድ ድስት የሚበላ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ሠራተኛችሁ ከድስታችሁ በልታ ወጥ ቤታችሁ ጥግ ካደረች የእናንተው ናት። ሰርቪስ ቤት ውስጥ የራሱን ምድጃ የሚያነደው ላጤ ደግሞ ብቻውን አንድ ቤተሰብ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው።

ውጤቱ ሲወጣ አዳማ 220,212 ሰው እንዳላት ተነገረን፤ በ1987ቱ ቆጠራ 127,842 ነበረች። ቤተሰቡ 60,174፣ በአማካይ ለአንድ ቤተሰብ 3.66 ሰው። ያችን 3.66 ባየኋት ቁጥር ደፍ ላይ የተደረደሩት ጫማዎች ይታዩኛል። በእርግጥ ከተማ ላይ ላጤው ብዙ ነው፣ ቤተሰብም አነስ ይላል። ቢሆንም «የቀረ ጫማ የለም» ብሎ የሚምልልኝ የአዳማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚያ ውሃ በፈረቃ መጣች ብለን ጀሪካን ተሸክመን እንጮሃለን። የሚዘረጋው ቧንቧ ለስንት ሰው ይበቃል ተብሎ ሲሰላ የሚነሳው ከዚያችው ቁጥር እኮ ነው! የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለክልሎች የድጎማ ቀመር ሲያወጣ የሕዝብ ብዛትን ይመለከታል። የምርጫ ክልል ወሰንም በቆጠራ ውጤት ላይ እንዲመሠረት፣ ቆጠራውም በየአስር ዓመቱ እንዲደረግ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ደንግጓል። አስራ አንዱን ጥንድ ጫማ የደበቀ ሰው ከመንግሥት የደበቀ ይመስለዋል፤ የደበቀው ከቧንቧው ወረፋ ነው።

«ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም» የምትሉኝ እናቶች አላችሁ። ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ ስሙ ወረቀት ላይ አይወጣም፣ ዓይን ይገባዋል ትላላችሁ። ሕዝቡን አስቆጥሮ የተቀጣውን ንጉሥ ዳዊትንም ትጠቅሱብኛላችሁ። ዳዊት ያስቆጠረው ሰይፍ የሚመዘውን ነበር። የአርባ ቀን ልጅ ምን ሰይፍ ይመዛል? ለእሱ የሚመጣው ክትባት ግን በዚያ ቁጥር ይሰላል። ስለ ዕድሜም ልናገር፦ ሃያ ስምንት የነበረው ሁሉ ለቆጣሪ ሲሆን «ሠላሳ በለው» ይላል። በአገራችን ቆጠራ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ያለው ሰው መዓት የሆነው ሰው በአምስት ዓመት እየዘለለ ስለሚወለድ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ማብዛት የሚወዱ አሉ። ጅዳ ያለችውን እህት፣ ዱባይ የከረመውን የአክስት ልጅ፣ አንዳንዱማ ሟቹን አያት ሳይቀር ያስመዘግባል፤ «የኛ ሰዎች ቁጥር እንዳያንስ» ነው ምክንያቱ። ይህ በሽታ ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ አለ። የ1999 ውጤት ፓርላማ በቀረበ ጊዜ የአማራ ክልል ቁጥር ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ ተገኘ ተብሎ ብዙ አከራክሯል፤ የያኔው ቁስል ዛሬም አልሻረም። ቆጠራ የዘር ሩጫ ከሆነ ቆጣሪው ምን ያድርግ? አንዱ በር ላይ ሰው ይሸሸግበታል፣ ቀጣዩ በር ላይ ሰው ይፈጠርለታል።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቆጥረናል። በ1976 ጦርነት ስለነበር ወደ 81 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ብቻ ተደርሶ የቀረው በግምት ተሞላ፤ 42.6 ሚሊዮን ተባልን። በ1987 53.5፣ በ1999 ደግሞ 73.75 ሚሊዮን ሆንን። አራተኛው ለ2010 ታስቦ ወደ 2011 ተገፋ፣ ካርታው ተሠርቶ 149,093 የቆጠራ ቦታ ተለይቶ ታብሌቱ ሁሉ ከተገዛ በኋላ በጸጥታ ምክንያት እንደገና ተራዘመ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። በዚያ ግንቦት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለምርጫ ካርድ ደርሷል፤ ያልተቆጠረ መራጭ!

አሁን ብዙዎቻችሁ ልብ ወዳላላችሁት ነገር ልምጣ። በ1999 የያዝነው መጠይቅ ሁለት ዓይነት ነበር። አጭሩ ለሁሉም ነው። ረጅሙ ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ብቻ ይቀርባል፤ ምን ተማርክ፣ ምን ትሠራለህ፣ ከየት መጣህ፣ ስንት ወልደሽ ስንቱ አለ፣ ጣሪያው ምንድን ነው፣ ሽንት ቤት አለ ወይ ይላል። ለሁሉም ይጠየቅ ቢባል ጊዜውም ገንዘቡም አይችለውም። የወጡን ጨው መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ትቀምሳላችሁ እንጂ ድስቱን አትጨርሱትም። ወጡ መማሰል ግን አለበት፤ በቆጠራ ማማሰያው ዕጣ ነው። ቤተሰቡ በተርታ ይመዘገባል፣ መነሻው በዕጣ ይወጣል፣ ከዚያ እየቆጠሩ አምስተኛውን መያዝ ነው። ቆጣሪው ቡና የሸተተውን ቤት አይመርጥም፤ ውሻ ያለበትንም አይዘልም።

እናንተ ግን «እኔ ጊዜ የለኝም፣ ከጎን ያሉትን ጠይቅ» ትላላችሁ። ከጎን ያለው ማን ነው? በጠራራ ፀሐይ ቤቱ የሚገኝ ሰው ነዋ። ጡረተኛ፣ አራስ፣ በሽተኛ። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ባለጋሪው፣ ፋብሪካ የምትውለው ልጅ፣ ከመናኸሪያ የማይጠፋው ረዳት ከወረቀቱ ይወጣሉ፤ አዳማም አያቶችና ሕፃናት ብቻ የሚኖሩባት ሥራ አጥ ከተማ ሆና ትጻፋለች። በዕጣ የተያዘ ቤት ሲዋሽ ውሸቱ አምስት ቤት ይሆናል።

ሌሎቹ ጥናቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። በ2008 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲደረግ መነሻው የ1999 ቆጠራ ዝርዝር ነበር፤ 84,915 የቆጠራ ቦታ፣ በአማካይ በእያንዳንዱ 181 ቤተሰብ። ከዚያ ውስጥ 645 ቦታ በዕጣ ወጣ፣ ከየቦታው 28 ቤተሰብ ተመረጠ። አባዙት፦ ከ15 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ በ18 ሺህ ገደማ ቤተሰብ አፍ ተናገረ፤ አንዱ በአማካይ ከ800 በላይ ለሚሆኑት መልስ ሰጠ ማለት ነው። ዕጣው ሲወጣ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የተመዘገበበት ቦታ የመመረጥ ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ እትዬ በ1999 ዕቃ ማስቀመጫ ያሏቸው ስድስት ክፍሎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ሰፈሩን ትንሽ አስመስለው ከዕጣው ያርቁታል።

ራሴን ከዚህ አላወጣሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት የእኔ ቤት በዕጣ ወጣ። ታብሌት የያዘች ልጅ በር ላይ ቆመች፤ ፊቷ በአቧራ ነጥቷል። «ልጄ፣ ደክሞኛል፤ ጎረቤቶቼ ጨዋታ ይወዳሉ፣ እነሱን ጠይቂ» አልኳት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፣ በየደጁ ጫማ ስቆጥር የነበርኩት ሰውዬ! «ጋሼ፣ የወጣው የእርስዎ ቤት ነው» አለችኝ በትሕትና፣ ሄደችም። በማግስቱ ተመለሰች፤ ባጃጅ የሚነዳው ልጄ ስላልነበረ እሱን ልታገኘው አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ ደፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ ሳለ «አሁንስ ገብቷል?» ብላ ከበሩ ብቅ አለች። ለእሱ የተቀመጠለትን እራት ሦስት ሆነን ቀረብን። እንጀራው ሲያልቅ መጠይቁ ገና ከመሃሉ አልደረሰም ነበር።