የዶክተር ቮልስ

ስለ መኪናዋ ጠየቅኩት፤ ስለ ባለቤቷ ነገረኝ። «ዶክተር ነው የያዛት» አለ ደላላው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የድሮ መኪኖች ትርኢት ነው። ሴይቼንቶው፣ ላዳው፣ ፔጆ 404ቱ ታጥበው ተደርድረዋል። እኔ የቆምኩት አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ጋ ነው። «ዝገት አላት ወይ?» ስለው «ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር የሚሄድባት» ይለኛል።

የሚያበግነኝ ይሄ ነው። እኛ አገር የሚሸጠው መኪናው ሳይሆን የባለቤቱ የሕይወት ታሪክ ነው። «ሴት የያዘችው»፣ «ዲያስፖራ ያመጣው»፣ «ከፈረንጅ እጅ የተገዛ»። ልጁን ለመዳር ሰባት ቤት የሚቆጥር አባት እንኳ እንዲህ አይደክምም። ፍሪሲዮን ደግሞ ሲቃጠል ዲግሪ አይጠይቅም።

ቮልስ ከሆነች ታሪኩ ቤተ መንግሥት ድረስ ይዘልቃል። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው አይደል? እና ባለ ቮልስ ሁሉ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «እንግዲህ የዚያን ጊዜ ናት...» ይልና ዝም ይላል። ቀሪውን አንተ ሙላው ነው ነገሩ።

ሰሞኑን ሌላም መዝሙር አለ። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ጎማ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ «ክላሲክ» ሆኗል። «ከእንግዲህ እኮ አይገባም!» ይሉሃል። ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ክልከላውን ጠብቃ አልቀረችም።

ምንጣፏን ገለጥ አደረግኩ። ወለሏ ተበስቷል፤ በቀዳዳው የሱሉልታ ሳር ብቅ ብሏል። የምወደው ተረት ትዝ አለኝ፦ «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።» ሰው ሁሌ የሚፈርደው በበሬው ነው። ሳሩን ማን አሳየው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ደላላ እጠረጥራለሁ። ከበሬውም ሁለት ፐርሰንት፣ ከገደሉም ሁለት ፐርሰንት ሳይቀበል አይቀርም።

በደላላ ቂም አለብኝ፣ አልደብቅም። ድሮ አንዱ «ውሃ የማይጠፋበት» ብሎ ቤት አከራየኝ። እውነቱን ነው፤ ለመጥፋት መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። ቧንቧው ሲከፈት ያፏጫል እንጂ ጠብ አይለውም። ደውዬ ብጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አከራይህ እኮ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው!» ጀሪካኔ ዳኛ ምን ያደርግለታል? ይሄ ቀልድ አይደለም። ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ ያገኘውን ብር ይዞ ስለ ዕቃው ይጠይቃል፤ የሚነገረው ስለማያውቀው ሰው ክብር ነው። የጠየቅኩህን መልስልኝ እንጂ!

ኧረ ቮልሷን ረሳኋት። ደላላው «ሞተሩን ላሳይህ» ብሎ የፊት ኮፈኑን ከፈተ። ስኮርታ ጎማ አገኘ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ፊቱ ቅንጣት አልተለወጠም። ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋና «ራዲያተሯ አዲስ ነው» አለኝ። የድሮ ቮልስ የምትቀዘቅዘው በራዲያተር ውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። የሌለ ውሃ ሲሸጥልኝ ይሄ ሁለተኛው ደላላ ነው።

ያም ሆኖ ቀብድ ከፈልኩ። ምን ላድርግ፣ ድምጿ ደስ ይላል። ውል ስንጽፍ ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ወግ እጽፋለሁ።»

ትንሽ አሰበና «ግዴለም» አለኝ፤ «ስትሸጣት እሱን አናነሳውም።»