«ዝቅ በሉ» ሲባል ዝቅ የምንለው ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ታክሲው ውስጥ ክርክር ጦፈ። የሚያከራክረው ነገር አውቶቡስ ነው። አንዱ «ዳፍ ነበር አውቶቡስ፣ ድሮ ቀረ» ይላል። ሌላው ሸገርን ያመሰግናል። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «የአንዳንዱ አውቶቡስ ደረጃ የተሠራው ለሰው ነው ለፍየል?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። አንድ አባት ደግሞ «አውቶቡሱ ምን አደረገ? ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» አሉ። እኔም አፌን ሞልቼ ስለ በር፣ ስለ ስፖኪዮና ስለ ፍሬን ተናገርኩ። ጦር ኃይሎች ልንደርስ ስንል ረዳቱ ድንገት «ትራፊክ አለ! ትርፎች ዝቅ በሉ!» አለ።

ክርክሩ ቀጥ አለ። ስለ ደህንነት ስንከራከር ከነበርነው ውስጥ አራታችን ትርፍ ነበርን። አራታችንም ዝቅ አልን።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከራሴ ጀምሬያለሁ፤ እናንተንም ግን አልለቃችሁም።

ክርክሩ በራሱ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ከዚህም በላይ መከራከር አለብን፤ ግን እያወቅን ይሁን። ቅጥቅጥን ውሰዱ። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። የጭነት አይሱዙ ሻሲ፣ ማለትም አካሉ የሚቀመጥበት ብረት፣ ይመጣና እዚሁ አገር ቤት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የአውቶቡስ አካል ይለብሳል። የጭነት ሻሲ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ወለሉም አብሮ ከፍ ይላል። ወለሉ ሲርቅ ደረጃ ይበዛል፣ ያውም አቀበት ደረጃ። ባሌስትራው፣ ከሥር ያለው ስፕሪንግ፣ የተሠራው ለጤፍና ለሲሚንቶ ነው። ኩንታል ወገቡን አያመውም፤ ሰውን ግን ያመዋል። አውቶቡስ ቢገለበጥ እንኳ ጣሪያው ተጨፍልቆ የተሳፋሪውን ቦታ እንዳይወስድ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። የምንሳፈርበት መኪና አካል ይህን ያሟላ እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? እኛ የምንጠይቀው ሬዲዮ አለው ወይ ብለን ነው።

አክስቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል። አምና ከአንድ አውቶቡስ ሲወርዱ የመጨረሻው ደረጃ ከመሬት ራቀባቸው። በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው ነጠላቸውን ይዘዋል። መደገፊያው ብረት ደግሞ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ነው። ወደቁ። ዳሌያቸው ተረፈ፤ እጃቸው ግን ተሰበረ። ግጭት የለም፣ ትራፊክ ፖሊስ አልተጠራም፣ የመኪና አደጋ ብሎ የመዘገበውም የለም። በከተማ አውቶቡስ ብዙ ሰው የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ ሲወጣ፣ ሲወርድ ወይም ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ።

ለዚህ መላ ያገኙለት ከተሞች አሉ። ለሰው ተብሎ የተሠራ ዝቅተኛ ወለል ያለው አውቶቡስ ወለሉ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ፌርማታ ሲደርስ ከሥሩ ያለውን የአየር ስፕሪንግ ያስተነፍስና በበሩ በኩል ጎንበስ የሚልም አለ። አውቶቡስ ለሽማግሌ ጎንበስ ሲል ደስ አይልም? እኛ ጎንበስ የምንለው ለትራፊክ ፖሊስ ነው።

በአክስቴ ጉዳት አውቶቡሱን ብቻ አትውቀስልኝ ግን። ሊወርዱ ሲሉ ከኋላቸው አንድ ሰው «እማማ ቶሎ በሉ እንጂ!» ብሏቸዋል። ድምፁን ሰምተውታል፣ ፊቱን አላዩትም። አንተ ልትሆን ትችላለህ። እኔም ልሆን እችላለሁ። ችኮላችን የሌላ ሰው አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ ማን ያስባል?

ሹፌሩንስ «ንዳው እንጂ፣ ሬሳ ጫንክ እንዴ?» የምንለው እኛ አይደለንም? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ፍሬን ሳይነካው 14 ሜትር ተጉዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለ12 ሰው የተሠራ ሚኒባስ 18 ጭኗል። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ፍሬኑ ይፈተናል። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሲሞት ቆይቷል። አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ማለትም ከታክሲ የወረዱት፣ ታክሲ ለመያዝ የሚሻገሩት፣ ሰልፍ የጨረሱት። ማለትም እኛ።

«ወራጅ አለ!» የምንለውስ ፌርማታ ሲደርስ ነው? የለም፤ የቤታችን በር ሲደርስ ነው። ሠላሳ ሜትር በእግር ላለመሄድ ሚኒባሱን መሃል መንገድ ላይ እናስቆማለን። ሹፌሩ ፍሬቻ አያሳይም፤ ድንገት ስለጠራነው ጊዜም አላገኘም። ከኋላ ያለው መኪና ደርቦ ያልፋል። በዚያው ቅጽበት አንዲት ተማሪ በቆመው ሚኒባስ ፊት ለፊት ትሻገራለች። ደርቦ የሚያልፈው መኪና አያያትም፤ እሷም አታየውም። ይህን ያቀናበረው መሐንዲስ አይደለም። «ወራጅ» ያለው ሰው ነው፤ ሒሳቡን ከፍሎ፣ «መልስ» ብሎ ሄዷል።

አውቃለሁ፣ «ትርፍ አልሆንም ብዬ በምን ልሂድ?» ትሉኛላችሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት መገናኛ ቆሞ ሰልፉ እስከ ጥግ የተጠማዘዘበት ሰው ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። ዝናብ ሲጨመርበትማ አይወራም። በዚህ በኩል የሚጠየቁት ሌሎች ናቸው፤ አውቶቡስ ሳያበዙ ሰልፍ የሚያበዙት። ቀለበት መንገድ ላይ የእግረኛ ድልድይ ሠርተው የደከመች እናት ያን ሁሉ ደረጃ ትውጣ የሚሉትም ይጠየቁ። ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ቀጣዩ ታክሲ ከኋላ ቆሞ እያየን፣ «ሶስት ሶስት ሆናችሁ ተጠጋጉ» ሲባል ጠጋ የምንለውስ? ለዚህኛው ሰበብ የለንም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ የኋላ መግቢያው መዝጊያ የሌለው፣ ሰው ዘሎ የሚሳፈርበት ቀይ አውቶቡስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከመደበኛ አገልግሎት ወጣ። ናፍቆት ያዛቸውና በ2012 ከኋላ የሚከፈት አዲስ ሠሩ፤ በሩ ክፍት ሲሆን ግን የሚጠብቅ ሠራተኛ አቆሙበት። በ2016 ሠራተኞቹ ሲቀነሱ በሩም አብሮ ተዘጋ፤ ጠባቂ ከሌለ ክፍት በር የለም። ስለ አንድ በር ይህን ሁሉ ዓመት ተከራከሩ። እኛ ዘንድ ረዳቱ ግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠልጥሎ «ጀሞ ጀሞ ጀሞ» እያለ ሲበር፣ ገብተን ከተቀመጥነው ውስጥ «ልጄ፣ ግባና በሩን ዝጋው» ያለ አለ? ያ ልጅ የሰው ልጅ ነው፤ እናት አለችው።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች እየመጡ ነው። እሰይ፣ ጭሱ ይቅርልን። ነገር ግን ሁላችሁም ስለ ቀለሙና ስለ ወንበሩ ስታወሩ ነው የምሰማው። ድምፁስ? የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ አይሰማም። ዓይነ ስውራን ወገኖቻችን መንገድ የሚሻገሩት በጆሯቸው ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴል በዝግታ ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ በሕግ ተገዷል። እስቲ ስትሳፈሩ ሹፌሩን ጠይቁት፤ ይህኛው ድምፅ ያሰማል ወይ በሉት። ከሹፌሩ ፊት ያለች አጭር ልጅ ትታየዋለች ወይ ብላችሁም ጠይቁ። መደገፊያው ብረት የአክስቴ እጅ ይደርስበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ለሹፌሩ አይገባውም ካላችሁ ለባለ አውቶቡሱ፣ ለወረዳው፣ ለከተማው አድርሱት። ብቻ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ትርፍ ሆኖ ዝቅ ያለ ሰው ማንንም መጠየቅ አይችልም።

ትናንት ዕድል ቀናኝና ጋቢና ተቀመጥኩ። ቀበቶውን ጎተትኩት። ከነአቧራው መጣ፤ ሸሚዜ ላይ መስመር ሠራ። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝና «አታምነኝም እንዴ ወንድሜ?» አለኝ።

«አንተንማ አምናለሁ» አልኩት። «ከፊታችን ያለውን ሲኖ ነው የማላምነው።»

ሳቀ። እኔ ደግሞ መሰኪያውን በእጄ ብፈልግ አጣሁት።

«መሰኪያውስ?»

«ተነቅሎ ነው» አለ፣ ማርሽ እየቀየረ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እስከ ዘነበ ወርቅ ድረስ ቀበቶውን በእጄ ይዤ ሄድኩ።